ከኦቲስቲክ ልጅ ጋር የትምህርት ጨዋታ ለመሥራት የቱ ይሻላል? ካርቶን፣ ጠመኔ፣ ስላይድ፣ ስክራች ወይስ ፕሮግራመር

ቅዳሜ ጠዋት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሚገኝ አንድ ኮሚናል ቤት እንሰበሰባለን፤ ጥቂት ወላጆች፣ ልጆቻቸውና እኔ። ሥራዬ የልዩ ፍላጎት መምህርነት ነው። አዲስ የሚመጣ ወላጅ ብዙውን ጊዜ በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው ታብሌት ይዞ ነው የሚገባው። ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀውም ያው ነው፦ «ቲቸር፣ የቱን አፕ ልጫንለት?»

ጥያቄው ክፋት የለውም። ተዘጋጅቶ የሚጫን አፕ ቀለም ለመለየት፣ ለመቁጠር፣ ፊደል ለመለማመድ ይረዳል። ነገር ግን ልጁን አይቶት የማያውቅ ሰው የሠራው ነው። ድምፁ ቢያስደነግጠው የምታጠፉበት ቦታ ላይኖረው ይችላል። በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ልጁ ስክሪን ላይ «ባናና» ማለት ይለምድና ጉሊት የተደረደረው ሙዝ ሌላ ነገር ይመስለዋል።

ይህን የጻፍኩት ጨዋታውን ከልጁ ጋር አብረው ሊሠሩ ላሰቡ ወላጆችና መምህራን ነው። ለልጁ ሠርቶ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ከልጁ ጋር ተቀምጦ፣ እሱ እያበላሸ እናንተ እያስተካከላችሁ መሥራት ሌላ ነው። አምስት መንገዶችን ሞክሬያለሁ፤ በአንዱ ገንዘብ፣ በሌላው ጊዜ ከስሬያለሁ።

## መጀመሪያ መመዘኛው

የልጁ ድርሻ። አሊሰን ድሩይን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ልጆች በቴክኖሎጂ ንድፍ ውስጥ የሚኖራቸውን ቦታ በአራት ከፍላዋለች፦ ተጠቃሚ፣ ሞካሪ፣ መረጃ ሰጪ እና የንድፍ አጋር። ተጠቃሚ ያለቀውን ይጫወታል። ሞካሪ ገና በሥራ ላይ ያለውን ይነካካል። መረጃ ሰጪ ሐሳቡን ይጠየቃል። አጋር ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ከአዋቂዎቹ እኩል ይወስናል። ብዙ የማይናገር ልጅ እንዴት ይወስናል ብትሉ፣ ካርቶኑን ሲገለብጠው፣ ሲቀደው፣ አንዱን ቁራጭ ብቻ መርጦ ይዞት ሲሄድ ወስኗል።

የ«እምቢ» ዋጋ። ልጁ ሲቃወም ጨዋታውን ለመለወጥ ምን ያህል ይፈጃል? ደቂቃ፣ ቀን ወይስ ወር? እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምመዝነው ይህንን ነው። ዛሬ ጆሮውን ይዞ የሸሸ ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድምፁ ጠፍቶ ቢያገኘው፣ ያስጠፋው እሱ መሆኑን በምን ያውቃል? እዚያው ዓይኑ እያየ ሲጠፋ ግን ያውቃል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ነገር ያስለውጣችኋል።

ድምፅ፣ ብርሃን፣ ንክኪ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አምስተኛ እትም፣ ለድምፅም ሆነ ለብርሃን ወይም ለንክኪ ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ አድርጎ አስገብቷል። እናቶች ግን የጁስ መፍጫው ሲነሳ ልጃቸው የትኛው አልጋ ሥር እንደሚገባ ከመመሪያው በፊት ያውቁ ነበር። ስለዚህ አማራጩን ስትመዝኑ «ድምፁን፣ ብርሃኑን፣ ሻካራነቱን መቀነስ እችላለሁ ወይ?» በሉ።

ያለ ንግግር መሥራት። «ምን ዓይነት ጨዋታ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎቹ ልጆቻችን ከንቱ ነው። ጥያቄው በጣም ሰፊ ነው፤ መልሱም ቃል ይፈልጋል። ተጀምረው ያላለቁ ሁለት ነገሮች ፊቱ አስቀምጣችሁ እጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የአማርኛ ፊደል ለልጁ ይከብደው ይሆን ብለው ለሚጨነቁ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴ የቀረጹት ከራሳችን ፊደል ተነስተው ነው።

የቀሩት ሁለቱ ብዙ አያናግሩም። አንደኛው መብራትና ኔትወርክ ነው፤ ከከተማው ጫፍ የሚኖር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ወጪ ነው፤ ወጪ ስትሉ የራሳችሁን ጊዜም ቁጠሩት።

## ካርቶንና ክዳን

ዕቃው የፓስታ ካርቶን፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ማርከር፣ ፕላስተርና ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ ፎቶ ነው። ፎቶዎቹን ከቻላችሁ ላሚኔት አስደርጓቸው። ምራቅና ሻይ ያልነካው ካርድ እስካሁን አላየሁም።

ከልጆቹ አንዱ 8 ዓመቱ ነው። ከራሱ የሚያወጣቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የታክሲ ቋንቋ ግን አንድም አይቀረው። «መገናኛ! መገናኛ! አንድ ሰው የቀረው!»፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ!»፣ «ሂሳብ!» ይላል፤ ቅላጼው ሳይቀር የወያላ ነው። እናቱ ይህንን ለማስተው ብዙ ደክማለች። እኔ ደግሞ የማባዛት ትምህርት ታየኝ። ካርቶን ላይ የሚኒባስ ወለል ሣልኩ፤ 4 ረድፍ፣ በየረድፉ 3 መቀመጫ። 12 ክዳን ተሳፋሪ ሆነ። 3 ጊዜ 4 ልናስተምር ነው እንግዲህ።

ልጁ ካርቶኑን ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ማርከሩን ከእጄ ወሰደና በበሩ በኩል ያለችውን አንዲት መቀመጫ ጥቁር አድርጎ ደለዛት። በሌላ ወረቀት አዲስ መቀመጫ ሠርቼ ለጠፍኩበት። እሷንም ደለዛት። ሦስተኛ ልለጥፍ ስል ጣቴን ይዞ ጥቁሩ ላይ አስቀመጠውና «ረዳት» አለኝ። ለካ የወያላው ቦታ ናት!

መቀመጫው 11 ሆነ። 11 ደግሞ በረድፍ በረድፍ እኩል አይከፈል፤ የማባዛት ትምህርቴ እዚያው አከተመ። እሱ ግን ክዳኖቹን አንድ በአንድ ያሳፍር ጀመር። 8 ሲደርስ ቀና አለና «ሦስት ሰው የቀረው!» ብሎ ተጣራ። እስከዚያ ቀን «አንድ ሰው የቀረው» ሲል እንጂ ሦስት ሲል ሰምተነው አናውቅም። ልጁ እየቀነሰ ነበር። ታክሲ ሳይሞላ አይነሳም፤ የእሱም ጨዋታ 11 ሳይሞላ አያልቅም። ከዚያ ወዲህ የመቀነስ መማሪያችን ይኸው ነው። ንድፉ የእሱ ነው፤ የእኔ ድርሻ ካርቶን ማቅረብ ነበር።

ሌላም ነገር አተረፍንበት። ማረፍ የፈለገ ልጅ እንዲያነሳው ያዘጋጀነው «በቃኝ» የሚል ቀይ ካርድ ነበረን። ይህ ልጅ አንድም ቀን አላነሳውም፤ ሲሰለቸው ጠረጴዛውን ነበር የሚገፋው። ካርዱ ላይ በሩ የተከፈተ ታክሲ ለጥፈን «ወራጅ አለ» ብለን ስንጽፍበት በዚያው ዕለት ሁለት ጊዜ አነሳው። አሁን ሌሎቹም ልጆች ሲበቃቸው ወራጅ አለ ነው የሚሉት። ካርዱ ከተነሳ ማንም «ቆይ ይቺን ብቻ እንጨርስ» አይልም። ታክሲው ይቆማል።

ጉድለት የለውም አልልም። ቁርጥራጩ ይጠፋል፤ አንድ ክዳን ጠፍታ ግማሽ ሰዓት ያለቀሰ ልጅ አለን፣ ስለዚህ መጠባበቂያ ያዙ። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ካለ ቆርኪም ሆነ የሃይላንድ ክዳን አይሆንም፤ ትልቁን የጀሪካን ክዳን ተጠቀሙ። የማርከር ሽታ የሚያስመልሳቸው አሉ፤ ለእነሱ እርሳስ። አዋቂ ከጎኑ ከሌለ ካርቶን ብቻውን አያጫውትም፤ ይህ ሥራ ለሚበዛበት ወላጅ ከባድ ነው።

## ጠመኔና ግቢ

ቁጭ ብሎ መሥራት የማይሆንለት፣ ሲዘልና ሲሽከረከር ብቻ የሚረጋጋ ልጅ ካላችሁ ከወለል ጀምሩ። ሰኞ ማክሰኞ የማያውቅ የለም፤ ሳጥኖቹ ውስጥ ፊደል፣ ቁጥር ወይም የቤተሰብ ፎቶ አስገቡ። በአንድ እግር መዝለሉን ግን ተዉት፤ ሚዛን መጠበቅ የሚከብዳቸው ብዙ ናቸው፣ ፊደሉን ሳይሆን መውደቅን ይማራሉ።

አንዲት ልጅ የጠመኔው ብናኝ ጣቷን በነካት ቁጥር እጇን ልትታጠብ ትሮጥ ነበር። እናቷ ጠመኔውን ትታ በጣሳ ውሃና የቀለም ብሩሽ አመጣች። ልጅቷ ሲሚንቶው ላይ በውሃ «ሀ» ትጽፋለች፤ ፀሐይ ሳታደርቀው ሮጣ ትቆምበታለች። ከፀሐይ ጋር መሽቀዳደሙን ማንም አላስተማራትም።

እንቅፋቱ ሦስት ነው። ክረምት ሲገባ ጨዋታው ያበቃል። የግቢው በር ካልተዘጋ ሳያስቡት ሮጦ የሚወጣ ልጅ ከመኪና ጋር ይገናኛል፤ በሩን ሳትዘጉ አትጀምሩ። ሦስተኛው የጎረቤት ዓይን ነው፤ ከበረንዳ ቆሞ «እግዜር ይማረው» የሚል አይጠፋም። አንዳንድ ወላጅ በዚህ የተነሳ ተመልሶ አልመጣም፤ አልፈርድበትም።

## ስላይድ

አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ፣ ስላይድ መሥሪያው ፓወር ፖይንት ከሚታሰበው በላይ ይሠራል። አንድ ስላይድ ላይ ሦስት ፎቶ ታስቀምጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ሲነካ ወደ ሌላ ስላይድ ይወስዳል። «ውሃ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ድምፅ የአያቱ፣ ፎቶው የራሱ ኩባያ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፦ ልጁ የትም ቦታ ቢነካ ስላይዱ ያልፋል፤ ስለዚህ መልሱን ሳይሆን መንካትን ይለምዳል። በስላይድ ሾው ማስተካከያ ውስጥ «ኪዮስክ» የሚለውን አሠራር ከመረጣችሁ ከሠራችኋቸው ማያያዣዎች (ሊንኮች) ሌላ ምንም አያሳልፍም። የአማርኛ ፊደል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቅርጹ እንዳይቀየርባችሁ ደግሞ ፊደሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ወይም ልጁ ራሱ ጽፎት ፎቶ አንስታችሁ አስገቡት። የራሱን የተንጋደደ «መ» ስክሪን ላይ ያየ ልጅ ከስክሪኑ ጋር የሚኖረው ነገር ይለያል።

ልጁ ፎቶ ይመርጣል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ቅደም ተከተል ያስተካክላል። ማያያዣውን የምትሠሩት ግን እናንተ ናችሁ። ለውጡ እዚያው ይደረጋል፣ ሆኖም ልጁ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት፤ መጠበቅ ደግሞ ለብዙዎቹ ከሁሉም የከፋው ነው።

## ስክራች ጁኒየርና ስክራች

ሁለቱም ልጆች ትእዛዝ እየገጣጠሙ የራሳቸውን ጨዋታ የሚሠሩባቸው ነፃ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ስማቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው ይለያያል።

ስክራች ጁኒየር ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነው። ማንበብ አይጠይቅም፤ ትእዛዞቹ በሥዕል የተሠሩ ብሎኮች ናቸው፣ በጣት እየተጎተቱ ይያያዛሉ። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለታብሌት እንጂ ለስልክ የተሠራ አይደለም፤ ስልክ ብቻ ያላችሁ መጨረሻ ላይ «ለማን የቱ» ወደሚለው እለፉ። ድምፅ መቅዳት፣ ገጸ ባሕርይ መሣል፣ በካሜራ ያነሱትን ፎቶ ሥዕሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። አንድ ሥራ ከ4 ገጽ አያልፍም፤ ይህ ጉድለት ቢመስልም መጨረሻው የት እንደሆነ ማወቅ ለሚፈልግ ልጅ በረከት ነው። ነጥብ መቁጠሪያም የለውም፣ ስለዚህ መሸነፍ የሚባል ነገር የለም።

አንዲት የ6 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር «ሀ»ን ከሌሎች ፊደላት የመለየት ጨዋታ ሠርታበታለች። «ሀ» ሲነካ እናትየው «ጎበዝ!» የምትልበት ድምፅ ይሰማል፤ ሌላው ፊደል ሲነካ ይሽከረከርና ይጠፋል። ልጅቷ ለተከታታይ ሁለት ቅዳሜ ስህተቱን ብቻ ስትነካ ዋለች። እናትየው «አልገባትም» ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ኧረ ገብቷታል! የሚሽከረከር ነገር ነፍሷ ነው፤ «ጎበዝ» ደግሞ ምንም አይሽከረከርም። ብሎኮቹን ቦታ አቀያየርናቸው፤ ትክክለኛው ፊደል እንዲሽከረከር፣ ስህተቱ ዝም እንዲል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። «ጎበዝ» የሚለውን ድምፅ ልጅቷ ራሷ አጠፋችውና ታብሌቱን ይዛ እናቷ ቡና ወደምትወቅጥበት ሄደች። አሁን «ሀ» ሲነካ የሙቀጫ ድምፅ ያሰማል።

ትልቁ ስክራች ከ8 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ ነው። በላፕቶፕ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ ከቋንቋ ምርጫው ውስጥ አማርኛም አለ። ነጥብ፣ ሰዓት፣ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» የሚሉት ሁሉ አሉት። ማንበብ ለሚችል፣ ሕግና ቅደም ተከተል ለሚወድ ልጅ ዓለም ነው፤ ከመምህሩ ቀድሞ የሚሄድ ታያላችሁ። ሰዓት ቆጣሪና የነጥብ መቀነሻ ግን መጀመሪያ ላይ አታስገቡ። ይህን እኔ ራሴ አስገብቼ አንድ ልጅ ላፕቶፑን በቡጢ መትቶታል፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የሁለቱም ፈተና መሣሪያው ነው። ልጁ ታብሌቱን የሚያውቀው በዩቲዩብ ከሆነ ጨዋታ መሥሪያ መሆኑን አይቀበላችሁም። አንድሮይድ ላይ «ስክሪን ፒን»፣ አይፓድ ላይ «ጋይድድ አክሰስ» የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ከአንዱ አፕ ውጪ ሌላው እንዳይከፈት ያደርጋል። ቻርጁን ዓርብ ማታ ሙሉት፤ ቅዳሜ መብራት እንደሚኖር ማን ዋስ ይሆናል? ታብሌት ከእጁ ነጥቃችሁ ሥራውን አትጨርሱ፤ «አሁን ታብሌት፣ ከዚያ ዳቦ» የሚል የሁለት ሥዕል ካርድ ከመጀመሪያው ፊቱ ይቀመጥ።

## ፕሮግራመር መቅጠር

አንድ ጊዜ ከወላጆች ገንዘብ አዋጥተን አንድ ወጣት ባለሙያ አሠርተን ነበር። ወጣቱ ቅን ነው፣ ሙያውንም ያውቃል። አፑ ሲመጣ በትክክለኛ መልስ ፊኛ ይፈነዳል፣ ሕዝብ ያጨበጭባል። ከአምስት ልጆች ሁለቱ ወደ ደረጃው ሮጡ። ጭብጨባውን ለማስወጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሰውየው ሌላ ሥራ ነበረው። በመጨረሻ ሲመለስ ልጆቹ አፑን በሩቁ ሲያዩት ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። ገንዘቡ በዚያው ቀረ።

እንዲያም ሆኖ ብዙ ልጆች የሚያገለግል ማዕከል ወይም ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ይህ መንገድ ሊያዋጣ ይችላል፤ ውል ሳትፈርሙ ግን ጥቂት ነገር አስገቡ። ፎቶና ድምፅ ያለ ባለሙያው እጅ መቀየር ይቻል። ድምፅ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ይችል። ያለ ኢንተርኔት ይሥራ፣ ማስታወቂያ አይኑረው። ክፍያው በደረጃ ይሁን፤ የመጀመሪያው ክፍያ የሚከፈለው ባለሙያው የካርቶኑን ጨዋታ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ካየ በኋላ ይሁን። የልጆቹ ፎቶና ድምፅ ከመሣሪያው እንዳይወጣ በጽሑፍ ይስፈር፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

«አንድ አፕ ለሁሉም» የሚለውንም አስቡበት። በቪየና ክሪስቶፈር ፍራውንበርገር የመራው የምርምር ቡድን ከኦቲስቲክ ልጆች ጋር ዕቃዎችን ሲነድፍ፣ ከየልጁ ጋር ለየብቻ እየሠራ ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ነበር የሚያወጣው። ለሁሉም የሚሆን አንድ ነገር ፍለጋ አልሄደም።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | የልጁ ድርሻ | ለ«እምቢ» መልስ የሚፈጀው | የስሜት ጫና | ያለ ንግግር | መብራትና ኔትወርክ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የተዘጋጀ አፕ | ተጠቃሚ ብቻ | አይለወጥም | ብዙ ጊዜ ከፍተኛ | ይቻላል | ቻርጅ፤ አንዳንዱ ዳታ | መሣሪያው ካለ ትንሽ |
| ካርቶንና ክዳን | አጋር | ሰከንዶች | ዝቅተኛ፤ ሽታና ቁርጥራጭ ይጠንቀቁ | በጣም ይመቻል | አያስፈልግም | በጣም ትንሽ፤ የአዋቂ ጊዜ ግን ይበላል |
| ጠመኔና ግቢ | አጋር | ሰከንዶች | ብናኝ፣ ፀሐይ፣ የሰው ጫጫታ | ይመቻል | አያስፈልግም | እዚህ ግባ የማይባል |
| ስላይድ | መረጃ ሰጪ | ደቂቃዎች፤ ልጁ ይጠብቃል | እናንተ ትወስናላችሁ | ይመቻል | ቻርጅ ብቻ | ላፕቶፕ ካለ የለም |
| ስክራች ጁኒየር | አጋር | አንድ ሁለት ደቂቃ | ማስተካከል ይቻላል | በጣም ይመቻል | ቻርጅ ብቻ | የታብሌት ዋጋ |
| ስክራች | አጋር፣ ለሚያነብ ልጅ | ደቂቃዎች | ማስተካከል ይቻላል | ለማያነብ ይከብዳል | ቻርጅ ብቻ | የላፕቶፕ ዋጋ |
| ፕሮግራመር | ሞካሪ፣ ቢበዛ መረጃ ሰጪ | ሳምንታት | በውሉ ይወሰናል | በውሉ ይወሰናል | በውሉ ይወሰናል | ከሁሉም የበለጠ |

## ለማን የቱ

ገና የምትጀምሩ ከሆነ፣ ገንዘብ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም፣ ካርቶን። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ሲደልዘው የሚደለዝ ነገር ስለሆነ ነው። ቢያንስ አራት ቅዳሜ ስጡት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ልጁ ጥግ ይዞ ጀርባውን ቢሰጣችሁ አትደንግጡ፤ ሁለተኛው ላይ ከየት አቅጣጫ እንደሚያያችሁ ልብ በሉ።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ወላጆች የስልኩን ካሜራና ድምፅ መቅጃ ለካርቶኑ ሥራ አውሉት። ፎቶውን ልጁ ያንሳ። የሚያነሳው ነገር የሚወደውን ይነግራችኋል፤ አንዱ ልጅ 40 ፎቶ አንስቶ 38ቱ የበር እጀታ ነበር። በዚያ የተነሳ የበር እጀታ መለያ ጨዋታ አለን፤ የማን ቤት ነው፣ ስንተኛ ፎቅ ነው እያለ ቁጥር ይማራል።

ልጁ ቀድሞውኑ ከታብሌት የማይለይ ከሆነ ስክራች ጁኒየር ከዩቲዩብ መላቀቂያ ድልድይ ሊሆንላችሁ ይችላል፤ በቀን አንድ ሰዓት ተወስኖለት፣ ሁልጊዜ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት። ማንበብ የጀመረና ሕግ የሚወድ ልጅ ከ8 ዓመት በላይ ከሆነ በቀጥታ ወደ ትልቁ ስክራች ውሰዱት።

በአንድ ክፍል ብዙ ልጆች ለምትይዙ የልዩ ፍላጎት መምህራን ስላይድ ይሻላል። አንዱን ሥራ በፍላሽ ገልብጣችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ፎቶውንና ድምፁን ብቻ መቀየር ትችላላችሁ፤ ንድፉን ግን ከአንድ ልጅ ጋር በካርቶን ጀምራችሁ አምጡት።

ልጁ ሲንቀሳቀስ ብቻ የሚማር ከሆነ ጠመኔ ወይም ውሃና ብሩሽ፤ ክረምት ሲገባ ያንኑ ሳጥን በፕላስተር ሳሎን ወለል ላይ። ፕሮግራመር ደግሞ በካርቶንም በስላይድም ተሠርቶ፣ ልጆቹ ደጋግመው የመረጡት ጨዋታ በእጃችሁ ካለ ብቻ። የሚሠራው ምን እንደሆነ ልጆቹ አስቀድመው ካልወሰኑ ባለሙያው ፊኛ ያፈነዳላችኋል።

የታክሲው ልጅ አሁን ወደ ባቡር ዞሯል። ባለፈው ቅዳሜ ካርቶኑን ገልብጦ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች መስመር ሠራ። መገናኛን፣ ኡራኤልን፣ ስታዲየምን፣ ለገሃርን፣ ሜክሲኮን በየቦታቸው አስገባ፤ እኔ አንድ ያዛባሁትን አስወግዶ። ባቡር ወያላ የለውም። ስለዚህ 12ኛዋ መቀመጫ ትመለስ አትመለስ ገና አልወሰነም፤ ማርከሩ እሱ ጋ ነው።